«ሲስተም የለም» ሲባል ሲስተሙ የት ሄዶ ነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ባንኮች በአንዱ ውስጥ ነን። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ተራቸው የደረሰ አንድ አዛውንት ደብተራቸውን በመስኮቱ አስገቡ። ልጅቷ በትህትና፣ «አባባ፣ ሲስተም የለም። እስቲ ከሰዓት ይሞክሩ» አለቻቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው «የት ሄዶ ነው ልጄ?» አሉ። ከኋላ የቆምነው ሁሉ ሳቅን።

ጥያቄያቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። መብራት አለ። የልጅቷ ኮምፒውተር ተከፍቷል። ፕሪንተሩ ይሰራል። ብሩም ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። የጠፋው የሰውየውን ሂሳብ ከያዘው ሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። መስመሩ ሲጠፋ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ከመስኮት ያለፈ ጥቅም የለውም። የሚያሳየው ነገር ሁሉ ያለው ሌላ ቦታ ነዋ።

ሰሞኑን «ኤጅ ኮምፒውቲንግ» የሚባል ነገር በየማስታወቂያው ይጠራል። የካሜራ ሻጩም፣ የቴሌኮም ሰውም፣ የሶፍትዌር ደላላውም ያነሱታል። ጉዳዩ ከአዛውንቱ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ሲስተሙ የት ይቀመጥ ነው ነገሩ።

አሁን ሲስተሙ የት ነው ያለው?

ብዙውን ጊዜ ሩቅ። የባንኮቻችን ዋና ቋት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስልካችን ላይ የምንነካካቸው የውጭ አፖች ደግሞ ከዚያ እጅግ ይርቃሉ። «ክላውድ» የሚባለው ሌላ ምስጢር የለውም። በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች የታጨቁበት፣ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር የተገጠመለት፣ ዘበኛ የቆመበት የሌላ ሰው አዳራሽ ነው። ማይክሮሶፍት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህን አዳራሽ የከፈተው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። አማዞን በ2020 ኬፕታውን ላይ፣ ጉግል ደግሞ በ2024 ጆሃንስበርግ ላይ ተከተሉ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ስራችን አውሮፓ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ዛሬም ብዙው እንደዚያ ነው።

ርቀቱ ለምን ያስጨንቃል? ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣን ነው። ከደሴ እስከ ኬፕታውን ወይም እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ሲሰላ፣ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ፣ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች መውረድ አይቻልም። አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደብ ስለሌለን መስመራችን በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን ዞሮ ነው ባህር ውስጥ የሚገባው። በየመንገዱ ያሉት ማሽኖችም እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያዘገያሉ።

መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚበጠስበትም ቦታ ይበዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቀይ ባህር ውስጥ ገመዶች ተበጥሰው የአፍሪካና የእስያ ኢንተርኔት ተንገዳግዶ ነበር። ባህር ድረስ መሄድም አያስፈልግም። መንገድ ሊሰራ የወጣ ኤክስካቫተር አንድ ቦታ ላይ ጥርሱን ፋይበሩ ላይ ካሳረፈ፣ አንድ ከተማ ሙሉ ከሰዓቱን ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣል።

ታዲያ ኤጅ ኮምፒውቲንግ ምንድን ነው?

ዳታው በተፈጠረበት ቦታ ወይም ከጎኑ ስሌቱን መስራት ነው። ሁሉን ነገር ወደ ሩቁ አዳራሽ ከመላክ፣ እዚህ የሚያልቀውን እዚሁ መጨረስ።

የጤና አገልግሎታችንን አስቡት። ቀበሌው ላይ ጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የወባ ምርመራውን እዚያው ታደርጋለች፤ መድኃኒቱንም እዚያው ትሰጣለች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ከበድ ያለው ደሴ ሆስፒታል ይገባል። ራሱን ያመመው ሁሉ በቀጥታ ደሴ ቢመጣ መንገዱም ሆስፒታሉም አይችሉትም። በየወሩ ደግሞ ሪፖርት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ስንት ሰው ወባ ያዘው፣ ስንት ሕፃን ተከተበ። የሚሄደው ቁጥሩ ነው፤ በሽተኞቹ ቤታቸው ናቸው።

ኤጅም በዚሁ ደረጃ የተሰራ ነው። ከታች ካሜራው፣ ስልኩ፣ ሴንሰሩ አለ። መሀል ላይ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ ወይም ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ አነስተኛ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያገለግል ኮምፒውተር አለ። ከላይ ክላውዱ። የዕለት ተዕለቱ ውሳኔ ከታች ያልቃል። ማጠቃለያውና ከባዱ ስራ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ «ኤጅ መጣ፣ ክላውድ አበቃለት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዙም አትስሙት። ጤና ኬላ ስለተከፈተ ሆስፒታል አይዘጋም።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። አካማይ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ስራው የድረ ገጾችን ቅጂ ተጠቃሚው አጠገብ ማስቀመጥ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ማሃዴቭ ሳትያናራያናን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ስልክ ከሩቅ ክላውድ ይልቅ አጠገቡ ካለ ትንሽ ሰርቨር ጋር ቢሰራ ይሻላል የሚል ጽሑፍ አወጡ። እናንተም ሳታውቁት ትጠቀሙበታላችሁ። ስልካችሁ አሻራችሁን አይቶ ሲከፈት ማንንም አይጠይቅም። ኔትወርክ በሌለበት ገደል ውስጥ ሆናችሁም ይከፈታል።

ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሰራል?

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካ ያለባት፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ናት። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ገባን እንበል። የተሸመነው ጨርቅ ከጀርባው መብራት በበራበት ሰሌዳ ላይ ይሮጣል። አንዲት ሠራተኛ ቆማ በዓይኗ ትከታተላለች። የተበጠሰ ክር፣ ቀዳዳ ወይም የዘይት ጠብታ ካየች ማሽኑን አቁማ ምልክት ታደርጋለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ ነጭ ጨርቅ ማየት ምን እንደሚመስል የሰራበት ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ዓይን ይደክማል።

አሁን በሰሌዳው ላይ ካሜራ እንስቀል። ካሜራው ምስሉን ወደ ሩቅ ክላውድ ቢልክ፣ መልሱ ደርሶ እስኪመለስ 200 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። ጨርቁ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሮጥ፣ «አቁም» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ቀዳዳው 20 ሳንቲ ሜትር አልፏል። ይሄ እንኳ በሂሳብ ይስተካከላል። ችግሩ ያ 200 አንድ ቀን 250፣ አንድ ቀን 3,000 መሆኑ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ መልስ የለም። ማሽን ደግሞ «እስቲ ትንሽ ጠብቅ» አይገባውም።

ሁለተኛው የዳታ ክብደት ነው። አንድ ተራ የደህንነት ካሜራ፣ ቪዲዮው ተጨምቆ እንኳ፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። አስር ካሜራ ካለ 430። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ግድግዳ ለሚያሳይ ቪዲዮ መክፈል ነው። ከካሜራው ጎን ያለች ትንሽ ሰርቨር ግን ቪዲዮውን እዚያው አይታ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ መጋዘን ቁጥር ሁለት፣ ሰው ገባ» የሚል አንድ መስመርና አንድ ፎቶ ብቻ ትልካለች። ይህ ደካማ በሚባለው ኔትወርክም ያልፋል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

እውነቱን ለመናገር እኛን የሚመለከተው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የውጭ ጽሑፎች ስለ ሚሊሰከንድ ብዙ ያወራሉ። ሹፌር አልባ መኪና ላለው አገር ልክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው ግን ትልቁ ጥቅም፣ መስመሩ ሲቋረጥ ስራው አለመቋረጡ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ስልክም ኔትወርክም አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት የበሽተኛ ካርዱን ውጭ አገር ባለ ሲስተም ላይ ያስቀመጠ ክሊኒክ ቢኖር፣ ወይ ወረቀት ላይ ይመለሳል ወይ ይዘጋል። ካርዱ ግቢው ውስጥ ያለ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ የካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪውና ሐኪሙ በግቢው ገመድ ብቻ ይገናኛሉ። ውጭ ያለው ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የላቸውም። መስመሩ ሲመለስ የተጠራቀመው ወደ ላይ ይላካል።

እንግዲያው ባንኩ ለምን አያደርገውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ኤጅ የማይችለውን ያሳያል።

ሂሳባችሁ ላይ 10,000 ብር አለ እንበል። ባንኩ የሁሉንም ደንበኛ ሂሳብ ቅጂ በየቅርንጫፉ አስቀመጠ። መስመር ተቋረጠ። እናንተ ደሴ ላይ 10,000 አወጣችሁ። የደሴው ኮምፒውተር ሂሳቡን ዜሮ አደረገው። ከዚያ ሚኒባስ ይዛችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ገባችሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። የኮምቦልቻው ኮምፒውተር ከደሴው ጋር ስላልተነጋገረ አሁንም 10,000 ያሳያል። እዚያም አወጣችሁ። መስመሩ ሲመለስ ባንኩ 10,000 ብር ጎድሎታል፤ እናንተ ደግሞ ስልክ አታነሱም።

በሙያው ይህ የታወቀ አጣብቂኝ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤሪክ ብሩወር በ2000 እ.ኤ.አ. ነው ያቀረበው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሂሳብ ተረጋግጧል። መስመር ሲቋረጥ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ወይ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትክክለኛ ቁጥር ይኑር፣ ወይ አገልግሎቱ ይቀጥል። ባንክ የመጀመሪያውን ይመርጣል። «ሲስተም የለም» ማለት ብዙ ጊዜ «እንዳንሳሳት ቆመናል» ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ማጽናኛ እንደማይሆን አውቃለሁ።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። በካርድ የሚሞላ የቅድመ ክፍያ የመብራት ቆጣሪ ያለው ቤት ያውቀዋል። ካርዱን ማዕከሉ ድረስ ሄዳችሁ ታስሞላላችሁ። ቤት አምጥታችሁ ቆጣሪው ላይ ታስገባላችሁ። ከዚያ ወዲያ ቆጣሪው ራሱ ይቆጥራል፤ ሲያልቅም ራሱ ይቆርጣል። በየደቂቃው አዲስ አበባን አይጠይቅም። ገንዘቡ አስቀድሞ ስለተከፈለና መጠኑ ስለተወሰነ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በዓለም ላይ ቺፕ ባላቸው የባንክ ካርዶችም እስከ ተወሰነ መጠን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈል የሚፈቅድ አሰራር አለ።

ከዚህ አንድ መለያ ይወጣል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢነካው የሚጣላበት ነገር፣ እንደ ሂሳብ፣ እንደ ትኬት፣ እንደ ቤት ካርታ ያለው፣ ለኤጅ አስቸጋሪ ነው። ባለበት የሚያልቅ ነገር፣ እንደ ካሜራ፣ እንደ ላብራቶሪ ውጤት፣ እንደ መማሪያ ቪዲዮ ያለው፣ ለኤጅ የተፈጠረ ነው።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ኮምፒውተሩን ስታቀርቡት ጣጣውንም አብራችሁ ታቀርባላችሁ። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም።

ኬፕታውን ያለው አዳራሽ ጄኔሬተሩን፣ ማቀዝቀዣውንና ዘበኛውን የሚያስተዳድር ሰው አለው። እናንተ ጋ ያለችው ሰርቨር ግን ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ጸሐፊዋ ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ፣ ከፋይሎች ጎን ነው። አንድ ዲቫይደር ላይ እሷም፣ ፕሪንተሩም፣ የውሃ ማፍያውም ተሰክተዋል። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣና ደስ ያለውን ይነቅላል። ይህን ያላየ ቢሮ ካለ እድለኛ ነው።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ባትሪው ሣጥን፣ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ይህም ባትሪው ካልሞተ ነው። ብዙ ቦታ ዩፒኤሱ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ ለጌጥ ነው ያለው። ሰርቨር ደግሞ እየጻፈች እያለ መብራት ድርግም ሲል ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ከመጥፋቱ ይልቅ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዝለል ብዙ ዕቃ ያቃጥላል።

ሙቀትና አቧራም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ብርዱ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የጥጥ ብናኝ አለ። ብናኙ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ገብቶ እንደ ፍራሽ ይደፍነዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ ይግላል፣ ይዘገያል፣ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ማራገቢያ የሌለው፣ የታሸገ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር ይመረጣል። ዋጋው ግን ከተራው ይበልጣል።

ደህንነቱ ደግሞ ብቻውን ራስ ምታት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ካሜራዎችንና የዋይፋይ ማሰራጫዎችን ወረረ። ምንም የረቀቀ ነገር አላደረገም። ፋብሪካው የሰጣቸውን የይለፍ ቃል ባለቤቶቹ ስላልቀየሩት ያንኑ እየሞከረ ገባ። የተጠለፉት ካሜራዎች በአንድነት ጥቃት ሰንዝረው በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. እነ ትዊተርና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስቸገሩ። እዚህም ካሜራ የሚገጥመው ልጅ የይለፍ ቃሉን ሳይቀይር ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፣ የሰው መረጃ የያዘ ሰርቨር ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ የመጠበቅ ኃላፊነትም አለበት።

ጥገናውስ? በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ። ኩባንያው ስህተቱን ያረመው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብዙዎቹን ማሽኖች ግን ሰው በአካል ሄዶ አንድ በአንድ ማንሳት ነበረበት፤ ቀናት ፈጀ። መቶ ቦታ የተበተነ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ይህን አስቀድሞ ያስብበት። ወረኢሉ ያለችው ስትቆም ማን ነው መኪና ይዞ የሚሄደው?

የመጨረሻው መራራ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ሌሎች ብዙ ተቋማትም እንዲሁ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ዳታ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኤጅ ላይ የሚሰራ ሁሉ ቅጂው ሌላ ከተማ፣ ተቆልፎና ተመስጥሮ መቀመጥ አለበት። መስመሩ ቀርፋፋ ከሆነ ሌሊት ሌሊት ይላክ።

ኤጅ ማለት 5ጂ ነው እንዴ?

አይደለም። ሁለቱ በማስታወቂያ አብረው ስለሚነሱ ይምታታሉ። 5ጂ ፈጣን የሞባይል መስመር ነው። ኤጅ ስሌቱ የሚሰራበት ቦታ ነው። ኤጅ በተራ ዋይፋይም፣ በገመድም ይሰራል።

እዚህ ከየት ይጀመራል?

እንደኔ ከትምህርት ቤት። ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኮምፒውተር አለች። የምትበላው መብራት ከአንድ የኤልኢዲ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይጫንባታል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ አንድ ሜሞሪ ካርድ ይበቃዋል። መማሪያ ቪዲዮዎችና መጻሕፍት ይጨመራሉ። ሣጥኗ የራሷን ዋይፋይ ትለቃለች፤ ተማሪዎቹ በስልካቸው ይገባሉ። ብር አይቆርጥም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ብትበላሽ ካርዱን ቀይሮ ማስነሳት ነው። የሚጠግናት ሰውም ሩቅ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ሞልቷል።

ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ፋብሪካ ኖሯችሁ «ኤጅ ነው» ተብሎ ዕቃ ሲመጣላችሁ ደግሞ ሻጩ ፊት ለፊት የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉት። ከዚያ ዕቃውን አሰሩት። ካሜራው ሰው ሲያልፍ ያውቃል? የበሽተኛው ካርድ ይከፈታል? ደረሰኙ ይወጣል? ካልሆነ የገዛችሁት የሩቁን አዳራሽ መስኮት ነው። ከሰራ ደግሞ ገመዱን መልሱና የተጠራቀመው በትክክል መላኩን፣ ያልተደገመና ያልጎደለ መሆኑን ተመልከቱ። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን እዚያው አስቀይሩ፤ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ሲበላሽ የሚመጣው ሰው ከአዲስ አበባ ነው ከኮምቦልቻ፣ በስንት ቀንስ ይደርሳል የሚለውን ደግሞ በቃል አትመኑ፤ ውሉ ላይ አስጽፉት።